አራቱ የላይ መስኮቶች

ጋሽ ቱንቢ አውቶቡስ ውስጥ ፕላኑን የዘረጉት ለጉራ ነው። ይህን ከመነሻው መናገር ይሻላል፤ በኋላ የደረሰባቸውን ስንሰማ ቶሎ እንዳናዝንላቸው። ዓይናቸው ከተሠራ፣ ፋሻውም ከተነሳላቸው ገና ሳምንቱ ነው። ሞራ ስንት ዓመት ጋርዶባቸው የኖረው ዓለም ድንገት ጥርት ብሎላቸው፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፈውን የግንብ አጥር፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የሰው ካልሲ ሳይቀር ሲያደንቁ ቆዩ። ማድነቁ ሲደክማቸው አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴትዮ ዞሩ።

"ይኸውልሽ ልጄ፣ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉና ከቦርሳቸው የታጠፈ ትልቅ ወረቀት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

"ወረቀቱን?" አለች ሴትዮዋ።

"ወረቀቱንማ የሠራችው አርክቴክቷ ናት። ቤቱን ነው የምልሽ። የሽንኩርት መጋዘን ነው። እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ግድግዳ ያቆመ ሌላ ሰው ካለ ጠርተሽ አምጪልኝ።"

ለነገሩ ግድግዳው ጥሩ ነው፤ ማንም አይክዳቸውም። ቱንቢ ማለት ግንበኛ ግድግዳው መቅናት አለመቅናቱን የሚያይበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ገመድ ነው። እሳቸው ከኪሳቸው ለይተውት አያውቁም። የመንደሩ ሰው ግን ስሙን ያወጣላቸው በገመዱ ብቻ አይደለም። ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ አንዴ ከቆሙ ቆሙ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡና ሲክቡ አንድም ቀን "ይህ ምን ማለት ነው?" ብለው ሰው ጠይቀው አያውቁም። መጠየቅ ለተማሪ ነው ባይ ናቸው። ሥራ የሚሰጣቸው ሰው ተናግሮ ሲጨርስ የሚመልሱት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ገብቶኛል።"

ሴትዮዋ ጨዋ ናትና ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ፣ "እነዚህ ጣራው ሥር የተደረደሩት ትንንሽ ሳጥኖች ምንድን ናቸው?" አለች።

"የትኞቹ?"

"እነዚህ።"

ጋሽ ቱንቢ አዩ። ፕላኑን በእጃቸው ከያዙት አምስት ወር አልፎታል፤ የሚያዩት ግን ገና አሁን መሆኑ ነው። ቤቱን ከጎን በሚያሳየው ስዕል ላይ፣ ልክ ከክዳኑ ሥር፣ አራት ትንንሽ መስኮቶች አሉ። አጠገባቸው "የላይ መስኮት" ተብሎ ተጽፏል። ከወለሉ ጋር እኩል ደግሞ ሌሎች አራት አሉ፤ "የታች መስኮት"። ቀስት ተሥሎ፣ አየሩ በታች ገብቶ፣ በሽንኩርቱ መሐል ሽቅብ አልፎ፣ ጣራው ሥር ባሉት ሲወጣ ያሳያል። ሕፃን ልጅ ቢያየው ይገባዋል።

ክው አሉ።

"አባቴ፣ አመመዎት እንዴ?"

"መስኮቶች ናቸው" አሉ በቀጭን ድምፅ። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ጉራውም አብሮ ተከተተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራቸው ኮረብታ ጎን ላይ የተለጠፈች ናት። እዚያ ያለ ሰው ቀኝና ግራ አያውቅም፤ ሁሉም ነገር ላይና ታች ነው። ላይ ማለት ወደ ኮረብታው፣ ታች ማለት ወደ ወንዙ ነው። እያንዳንዱ ቤት የላይ በርና የታች በር አለው። እንግዳ "በላይ በኩል ግባ" ከተባለ በኮረብታው በኩል ዞሮ ይመጣል እንጂ ጣራ ቀድዶ አይወርድም። ታዲያ ጋሽ ቱንቢ ፕላኑን የተቀበሉ ጊዜ መስመሩ ሁሉ ጭጋግ ሆኖባቸው ነበርና የግንባታውን ዘበኛ ጠርተው፣ "መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው፣ እስቲ አንብብልኝ" አሉት። መነጽር የሚባል ነገር በዕድሜያቸው ኖሯቸው አያውቅም። ዘበኛው አነበበ፤ "ላይ አራት መስኮት፣ ታች አራት መስኮት።" በቃ። በኮረብታው በኩል ባለው ግድግዳ አራት፣ በወንዙ በኩል ባለው አራት፣ ሁሉንም በሰው ደረት ቁመት፣ ፊት ለፊት ትይዩ አድርገው፣ አሳምረው ገነቡት።

አርክቴክቷ አላስረዳችም እንዳይባል አስረድታለች። "ቀዝቃዛው አየር በታች ይገባል፣ ሞቃቱ በላይ ይወጣል" ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን በልባቸው፣ የከተማ ልጅ ምን ታድርግ፣ ነፋሱ ከኮረብታው ወደ ወንዙ እንደሚወርድ አታውቅም፣ ገልብጣ ነው የያዘችው አሉና፣ ሰው ፊት እንዳታፍር ብለው "ገብቶኛል" አሏት። ለልጅቷ አዝነውላት እኮ ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ነው መንደር የሚያፈርስ።

መንደር የሚያፈርስ የተባለውም ለቀልድ አይደለም። ከሃያ ሦስቱ ቤት አሥራ አንዱ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ሰው የሄደው መሬቱን ጠልቶ አይደለም። ሽንኩርት በየዓመቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደርሳል፤ ሁሉም በአንዴ ያወጣዋል፤ ማቆያ ስለሌለ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ካልሄደ እዚያው ግቢ ውስጥ ይበሰብሳል። አርክቴክቷ ከተዘጉት ቤቶች የአንዱ የልጅ ልጅ ናት። መጥታ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ "እንግዲያው ከሁሉ በፊት ማቆያ ነው" አለች። ድንጋዩ የተነሳው ከፈረሱት ቤቶች ነው። ባለቤቶቹ በየሄዱበት ስልክ እየተደወለላቸው "ውሰዱት፣ ብቻ እንደገና ግድግዳ ይሁን" እያሉ ፈቀዱ።

የጋሽ ቱንቢም ልጅ ልቧ ከሁለት ተከፍሎ ነበር። ያለቻቸው አንድ ሴት ልጅ እሷ ናት፤ የሚኖሩትም እሷ ዘንድ ነው። ባሏ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት እሳቸውን ለዓይናቸው አውቶቡስ ስታሳፍር፣ "አባባ፣ ያለኝን ሽንኩርት ሁሉ እዚያ መጋዘን ነው የማስገባው። ዋጋ እስኪነሳ ከቆየ እሱ ይመጣል። ከበሰበሰ ግን ልጆቼን ይዤ እኔ እሄዳለሁ። እንዳይቀየሙኝ" ነበር ያለቻቸው። እሳቸው ምን መለሱ? "ግድግዳውን ማን እንደሠራው ረሳሽ እንዴ?" አሉ። አሁን አውቶቡስ ውስጥ ይህችን መልሳቸውን ባስታወሱ ቁጥር የሚገቡበት ቀዳዳ አጡ።

ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። በስድስቱ ሳምንት ስልክ ሲደዋወሉ፣ "ሽንኩርቱስ?" ሲሉ ልጃቸው "ሽንኩርቱ? ደህና ነው። ዓይንዎስ?" እያለች ወሬ ትለውጥ ነበር። ያኔ ለዓይናቸው የሳሳች መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል። አሁን ወሽመጣቸው ቁርጥ አለ። ለካስ ልጅቷ የበሰበሰ ሽንኩርት ላይ ተቀምጣ ኖሯል የምታጽናናቸው።

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

"አባባ፣ የት ደረሱ?" አለች። ከኋላዋ ሰው ይንጫጫል።

"መንገድ ላይ ነኝ። እ... እዚያ እንዴት ነው?"

"ይምጡ ብቻ። መጋዘኑ ዛሬ ከሰዓት ይከፈታል፣ ሁላችንም እዚያው ነን። አርክቴክቷም መጥታለች።" ድምፅዋ እንደመታነቅ አለ፤ ስልኩም ተዘጋ።

አለቀሰች፣ አሉ በልባቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቋት ያን ሁሉ መንገድ ባልተቃጠሉ ነበር፤ ግን መጠየቅ አልለመዱም። በአርባ ዓመት ያልተማሩትን አውቶቡስ ውስጥ ከየት ያምጡት? ሴትዮዋ ብርቱካን ስታቀብላቸው ተቀብለው ያዙት። ሲወርዱም በእጃቸው እንደያዙት ነው የወረዱት።

ከዋናው መንገድ እስከ መንደሩ ያለውን አቀበት በሌላ ጊዜ ሦስት ቦታ አርፈው ነበር የሚወጡት። ዛሬ አላረፉም። በየአሥር እርምጃው ቆም እያሉ አየሩን ያሸታሉ። የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታውን ማን ያጣዋል፤ አንዴ ከገባ ልብስ ላይ ሳምንት ይሰነብታል። ምንም የለም። ነፋሱ ከኮረብታው ወደ እኔ ስለሚወርድ ቢሸት ኖሮ ይሸተኝ ነበር ብለው ትንሽ ተጽናኑ። ወዲያው ደግሞ ይሄ ነፋስ ነው ጉድ የሠራኝ ብለው ተቆጡት።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አዲሱ ዓይናቸው አንድ ነገር አሳያቸው። ከመጋዘኑ ጀርባ ትልቅ ቀይ ክምር ተቆልሏል። ከዚያ ርቀት እንኳ ሽንኩርት መሆኑ ይታወቃል።

ጣሉት ማለት ነው። ጋሽ ቱንቢ እዚያው መንገዱ ዳር ቆሙ። ከክምሩ ይልቅ የታያቸው የልጃቸው ቤት ነው፤ በሁለቱም በር፣ በላይኛውም በታችኛውም፣ ቁልፍ ተንጠልጥሎ። እሳቸው ውስጡ ብቻቸውን። ፈሩ። ተመልሰው ወደ አውቶቡሱ የመሄድ ሐሳብ እንኳ ብልጭ አለባቸው፤ እውነት ነው፣ ብልጭ አለባቸው። ግን ቱንቢ ናቸውና ቀጥ ብለው ወጡ።

መጋዘኑ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። በሩ ገና አልተከፈተም። ልጃቸው ቁልፉን ይዛለች። አርክቴክቷ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቷ ሸጉጣ ቆማለች። ያ ያነበበላቸው ዘበኛ ደግሞ ከሁሉም ፊት ነው። ይህ ዘበኛ ሬዲዮ ነው የሚባለው፤ ጠዋት የሰማውን ለምሳ ሳያደርስ የማያድር ሰው ነው። ሁሉም በአንድ አፍ "እንኳን በደህና መጡ፣ እንኳን ዓይንዎ በራ" ይሉ ጀመር። ጋሽ ቱንቢ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ብርቱካኑ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

"ሰላምታው ይቆየን" አሉ። ወደ አርክቴክቷ ዞሩ። "ስሚኝ ልጄ። ይህን መጋዘን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። 'ላይ' ያልሽውን ወደ ኮረብታው መስሎኝ ነው። ዓይኔ አያይም ነበር፣ ያንንም ደበቅሁ። ዘበኛው ያነበበው የተጻፈውን ነው፣ እሱን እንዳትወቅሱት። የጠፋው ሽንኩርት ሁሉ የጠፋው በእኔ ነው።" ከዚያ ልጃቸውን አዩ። "ብትሄጂም አልቀየምሽም።"

ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ሲሉ፣ እጇን ስታነሳ የሚያዩት ሳቅ ነው፤ እንባም አለበት፣ ግን ሳቅ ነው።

"አባባ፣ እኛ እኮ ያወቅነው እርስዎ ሳይሄዱ ነው።"

"ምኑን?"

"መስኮቱን።"

ሬዲዮ ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። "ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ከረምኩ" አለ። "ስድስት ሳምንት። ሚስቴ ታሞ ነው ብላ ልታሳክመኝ ነበር። እሳቸው ሳይመለሱ ትንፍሽ ብትል ከመንደሩ እናስወጣሃለን ብለው አስፈራርተውኛል እኮ።"

ልጃቸው ቁልፉን አዙራ በሩን ከፈተች።

ጋሽ ቱንቢ ገቡ። መጀመሪያ ያገኛቸው ነፋሱ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ፣ በኮረብታው በኩል ገብቶ ፊታቸውን ነክቶ በወንዙ በኩል ይወጣል። ከዚያ ሽንኩርቱን አዩ። ወለሉ ላይ አንድም የለም። ከግድግዳ ግድግዳ የቀርከሃ ርብራብ ተሠርቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ልክ በመስኮቶቹ ቁመት፣ ሽንኩርቱ በስሱ ተዘርግቶበታል። ከታች ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፋል። አንዱን አንስተው አንገቱን በጣታቸው ጫን አሉት። ደርቋል። ልጣጩ እንደ ወረቀት ኮሽ ይላል። ሌላ አነሱ። ከሩቁ ጥግ ደግሞ አንድ አነሱ፣ ሆን ብለው። እሱም ደርቋል።

"መስኮቱ ወደ ሽንኩርቱ አልወርድ ካለ፣ ሽንኩርቱ ወደ መስኮቱ ይውጣ ብለን ነው" አለች ልጃቸው።

"ውጭ ያለው ክምርስ?"

"የደረቀው ቅጠሉና ልጣጩ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንለይ ዋልን።"

አንጀታቸው ራሰ። እንዲህ ነው እንጂ ሌላ ቃል የለውም። እዚያው ርብራቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ ቢባሉ እስከዛሬ ይክዳሉ፤ ዓይኔ ገና አልዳነም ነበር ነው የሚሉት።

አርክቴክቷ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። "ጋሼ፣ ጣራው ከተመታ በኋላ መጥቼ ሳየው እኔም ራሴን ይዤ ነበር" አለች። "ልጅዎ ናት፣ ከነገ ወዲያ ለዓይናቸው ይሄዳሉ፣ አሁን ብትነግሪያቸው አይሄዱም ያለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብለን መላ ፈለግን። ርብራቡን ያሰበችው እሷ ናት፤ ቁመቱን የለካሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ደህና ነበር አልልዎትም፤ መጀመሪያ ሳምንት አብዝተን ከምረን ሦስት ከረጢት ተበላሽቶብናል። ጥፋቱ ደግሞ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ይህን ፕላን የሠራሁት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ነው። እዚያ ላይ ማለት ጣራ ነው፣ ሌላ ላይ የለም። ነፋሱ ከየት እንደሚወርድም ሰው አልጠየቅሁም።"

"እኔ አውቅ ነበር" አሉ ጋሽ ቱንቢ። "እንዳታፍሪ ብዬ ዝም አልኩሽ።"

"እኔም እንዳያፍሩ ብዬ ዝም አልኩዎት።"

ተያዩ። ሬዲዮ ከበሩ ሆኖ፣ "ሁለታችሁ እንዲህ ስትተዛዘኑ እኛ ሽንኩርት ልንቀብር ነበር" አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ጋሽ ቱንቢ ግን ወዲያው አልሳቁም። ነገሩ ቆጠቆጣቸው። መንደር ሙሉ ሰው የሚያውቀውን እሳቸው ብቻ ሳያውቁ፣ ለዓይን ሐኪሙ ሳይቀር ፕላኑን ዘርግተው ሲኩራሩ ከርመዋል። ሊቆጡ ተነሱ። ተነስተው ሲያዩ ግን ዙሪያቸውን የቆሙት ሰዎች፣ ወሬ ሲያጣ ከራሱ ጋር የሚያወራው ሬዲዮ ጭምር፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ አፋቸውን የዘጉት ለእሳቸው ዓይን ብለው ነው። በዚህ ላይ ምን ቁጣ ይገኛል? ብርቱካኑን ለሬዲዮ ሰጡት።

"ይኸው፣ ዝም ላልክበት" አሉ።

አርክቴክቷ ያን በብብቷ የሸጎጠችውን ወረቀት አውጥታ ሽንኩርት መለያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። "አንድ ሌላ ሥራ አለ" አለች። "የቤቱ ባለቤት፣ እሳቸው ካልሠሩት አላሠራም ብላለች።"

ጋሽ ቱንቢ ተጠጉ። መነጽር ረሳሁ አላሉም። ወረቀቱን በገዛ ዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር አዩት። አንድ ቤት ነው፤ የላይ በርና የታች በር ያለው። ከታች በሩ ዝቅ ብሎ የውሃ በርሜል ተሥሏል። በርሜሉን ያውቁታል፤ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ቤቱ የልጃቸው ቤት ነው። በቀይ መስመር የተጨመረ አንድ አዲስ ክፍል አለ፤ አጠገቡ "ላይ አንድ ክፍል" ተብሎ ተጽፏል።

ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። እሷ ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ የሌለ ልጣጭ ትጠርጋለች። ሊሄድ የተነሳ ሰው ክፍል አይጨምርም። ይህን ለመረዳት ፕላን ማንበብ አያስፈልግም።

"እንግዲህ እዚህ ጋ..." ብላ አርክቴክቷ ልታስረዳ ጀመረች። ጋሽ ቱንቢ አፋቸውን ከፈቱ። ሁሉም የሚወጣውን ቃል ያውቀዋል፤ አርባ ዓመት ሰምተውታል። ቃሉ እስከ ምላሳቸው ጫፍ መጣ፣ እዚያ ትንሽ ቆመ፣ ተመለሰም።

"ልጄ፣ ይቺ 'ላይ' ያልሻት" አሉ ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳርፈው፣ "የቱ ላይ ናት? ፎቅ ነው ወይስ ወደ ኮረብታው?"

ሬዲዮ ብርቱካኑን መላጥ አቆመ። ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ወደ ኮረብታው ነው ጋሼ" አለች አርክቴክቷ። "እናንተ እንደምትሉት።"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። መስኮቱ ከወለሉ ስንት ነው? በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? ይቺ ነጠብጣብ መስመር ምንድን ናት? ይቺስ? አርክቴክቷ መልሳ መልሳ ጉሮሮዋ ሲደርቅ ውሃ አመጡላት። እስክትጠጣ መታገስ አቃታቸውና የቀረችውን ጥያቄ ወደ ልጃቸው አዞሯት።

"ባልሽስ መቼ ነው የሚመጣው?"

"ሰኞ፣ አባባ።"

"እንግዲያው ድንጋዩን ከነገ ጀምረን እናቅርብ" አሉና ገመዳቸውን ከኪሳቸው አወጡ።